ስለ ቦሎቄ ዘር አጠባበቅና ስለ ዘይት

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ነገራችን በማድ ቤትና በጓዳ የሚወሰን ነው። ዛሬ ግን ከጓዳ ተነሥቶ እስከ እርሻ፤ ከእርሻም አልፎ እስከ ፍርድ ቤት ስለሚደርስ አንድ ነገር ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን። ይኸውም ለዘር የተቀመጠ ቦሎቄና የቀረውም ጥራጥሬ በሻጋታ እንዳይበላሽ እንዴት እንደሚጠበቅ፤ ከተክል የሚወጣ ዘይትም በዚህ ነገር እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳና ከየት ጀምሮ እንደማይረዳ ለማስታወቅ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በጽሕፈት ቤትና በአስተዳደር ሥራ ላይ ብትሆኑም፤ በገጠር እርሻ ወይም የሚያርስ ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነውና ነገሩ ሁላችንንም ይነካል።

ይህ ነገር ወደ ልባችን የገባው በምዕራብ ሐረርጌ፤ በቦኬ ወረዳ ነው። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው ከጭሮ ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው፤ በየእርሻው ማሽላና በቆሎ ቆሞ፤ በመካከሉም ቦሎቄ ጣልቃ ተዘርቶ ያያል። ጫትና ቡናው ለገበያ ሲሆን ማሽላው እንጀራ ነው፤ ቦሎቄው ግን ወጥም፤ ንፍሮም፤ የቸገረ ዕለት የሚሸጥ ገንዘብም ነው። ስለዚህ የቦሎቄ ዘር የጠፋበት ቤት አንድ ነገር ብቻ የጎደለበት አይደለም።

በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ምክንያት ወደዚያ ወርደን ሳለን አንድ የብድር ክርክር ቀረበ። አንዲት ባልቴት ለበልግ የሚዘሩት አሥር ጣሳ ቦሎቄ ከጎረቤታቸው ተበድረው ነበር። ዝናቡ በጊዜው መጣ፤ መሬቱም በሚገባ ታርሶ ነበር፤ ዳሩ ግን ከተዘራው ዘር የበቀለው እዚህና እዚያ ብቻ ሆነ። አበዳሪው ብድሩ ይመለስልኝ ብለው ከሰሱ፤ ባልቴቲቱም የበቀለ ነገር ሳይኖር ምን አምጥቼ ልመልስ ሲሉ መለሱ። ነገሩ በሽማግሎች እንዲታይ ሆነ። ሽማግሎቹም አስተዋዮች ነበሩና ማንንም ከማስማላቸው በፊት፤ ብድሩ ከተሰጠበት ጋን የቀረ ዘር እንዲመጣ አዘዙ። ከዚያም 100 ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቀለለ፤ ቀጠሮም ተሰጠ። በ8ኛው ቀን ጨርቁ ተፈትቶ ስንቆጥር ጎንቁሎ የተገኘው 27 ብቻ ሆነ። የቀረው ግራጫና አረንጓዴ ጠጕር አብቅሎ፤ ሽታውም እንደ ከረመ ምድር ቤት ሆኖ ነበር።

አበዳሪው ግን ተንኰለኛ ሰው አልነበሩም። ቦሎቄው በተሰበሰበበት በጥቅምት ያልታሰበ ዝናብ ወርዶበት በሚገባ ሳይደርቅ ወደ ጋን ገባ። ዘይት የተቀባ ዘር አይበላሽም ሲባል ሰምተው ነበርና ዘይት ገዝተው በብዙ ቀቡት። ስለዚህ ዘሩ ለተበዳሪዪቱ በተሰጠ ጊዜ ያበራ ነበር፤ ያየው ሁሉም መልካም ዘር ነው ብሎ መሰከረ። ባልቴቲቱም በኦሮምኛ፤ «ልጄ፤ እኔ ዘር የዘራሁ መስሎኝ ሙት ቀብሬአለሁ» አሉን። ሽማግሎቹ ብድሩ እንዲቀር፤ አበዳሪውም ለክረምቱ ከሌላ ዘር እንዲያግዟቸው አድርገው አስታረቁ። ነገሩ በመልካም ቢያልቅም እኛ መዝገቡን ስንዘጋ ያሰብነው ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤት ዘር ያስመልሳል እንጂ ያለፈ ዝናብ አያስመልስም።

እንግዲህ ሻጋታ ምንድር ነው ቢሉ፤ ከተክልም ከእንስሳም ወገን ያልሆነ፤ እንደ ትቢያ በነፋስ የሚበርር እጅግ ደቃቅ ዘር ያለው ፍጥረት ነው። ይህ ደቃቅ ዘር በእርሻው፤ በአውድማውና በጎተራው ሁሉ ስላለ ፈጽሞ ላጥፋው ቢሉ አይቻልም፤ የሚቻለው እንዳይበቅል ማድረግ ነው። እርሱም ያለ ውሃ አይበቅልም። ሊቃውንት አስፐርጊለስና ፔኒሲሊየም የሚሏቸው የጎተራ ሻጋታዎች፤ በጥራጥሬው ውስጥ ያለው ውሃ ከክብደቱ ከመቶ 13 እጅ በታች ሲሆን ኃይል የላቸውም። ወደ 14ና ወደ 15 እጅ ሲወጣ ቀስ ብለው ይነሣሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ ይበረታሉ። በጣም የሚያሳስበው ደግሞ ይህ ነው፤ ሻጋታው ገና በዓይን ሳይታይ አስቀድሞ በፍሬው ውስጥ ያለውን ፅንስ ይወጋል። ስለዚህ መልኩ ሳይለወጥ ዘሩ የሞተ ይሆናል። በቦኬ የሆነውም ይኸው ነው።

ሀሪንግተን የተባሉ አሜሪካዊ የዘር ሊቅ ያወጡት አንድ ቀላል ሥርዓት አለ። በዘሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ አንድ እጅ በቀነሰ ቍጥር የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል፤ የሚቀመጥበትም ስፍራ ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቍጥር እንዲሁ እጥፍ ይሆናል ይላሉ። ይህ ሥርዓት ወሰን ያለው ቢሆንም፤ ፀሐይ ያለ ዋጋ የምትሰጠንን ነገር በገንዘብ ከሚገዛው ሁሉ እንድናስቀድም ያስተምረናል።

አሁን ወደ ዘይቱ እንመለስ። ዘይት በእውነት የሚጠቅምበት ሥራ አለው፤ እርሱም በነቀዝ ላይ ነው። የቦሎቄ ነቀዝ እንቍላሉን በፍሬው ቅርፊት ላይ አጣብቆ ይጥላል፤ ከእንቍላሉ የወጣውም ትል ቅርፊቱን በስቶ ገብቶ፤ በሞቀ አገር አንድ ወር ያህል ውስጡን ሲበላ ከቆየ በኋላ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ፍሬው በዘይት ተቀብቶ እንደ ሆነ ግን እንቍላሉ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ ትሉም ገና ሳይገባ ይሞታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ቫን ስኮንሆቨን የተባሉ ሊቅ፤ በኮሎምቢያ ባለው ዓለም አቀፍ የቆላ እርሻ ምርምር ማእከል ቦሎቄን ከነቀዝ በዘይት ስለ መጠበቅ የመረመሩትን በጽሑፍ አውጥተዋል። የዘይቱም መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ቦሎቄ 5 ሚሊ ሊትር፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ለአንድ ኩንታል ግማሽ ሊትር መሆኑ ነው።

ይህ ሥራ ሻጋታን ለመከላከልም በተዘዋዋሪ ይረዳል። ነቀዝ በብዛት ሲራባ በትንፋሹ ጋኑን ያሞቃል፤ ያረጥባልም። የሚበሳውም ቀዳዳ ለሻጋታው መግቢያ ይሆናል። ነቀዝ በሩን ይከፍታል፤ ሻጋታም ተከትሎ ይገባል። ስለዚህ በሩን የዘጋ ሰው ከሁለቱም ዳነ ማለት ነው። ዳሩ ግን ሻጋታው አስቀድሞ ከእርጥበቱ ጋራ ከገባ በር መዝጋት ምን ይጠቅማል? የኑግ፤ የሰሊጥ ወይም የለውዝ ዘይት ሻጋታን የሚገድል መድኃኒት አይደለም፤ ውሃንም ከፍሬው ውስጥ አያወጣም። ጭራሹን እርጥቡን ፍሬ ሲያለብሰው መልኩን አሳምሮ ጕዳቱን ይሸፍናል። ዘይት ለደረቀ ዘር ዘበኛ ነው፤ ለረጠበ ዘር ግን ከፈን ይሆናል።

ታዲያ ሻጋታን የሚቃወም ዘይት የለምን ቢሉ፤ አለ። እርሱም ለመብል የምንጨምቀው ወፍራም ዘይት ሳይሆን ከሽቱ ተክሎችና ከቅመሞች በእንፋሎት የሚወጣው፤ ሽታው ብርቱ የሆነ ቀጭን ዘይት ነው። በደጋችን የሚበቅለው ጦስኝ፤ በጓዳችን ያለው ነጭ አዝሙድም ቲሞል የሚባል ቅመም አላቸው፤ የቅርንፉድም ዘይት ኢውጄኖል የሚባለውን በብዛት ይዟል። እነዚህ የሻጋታውን ስስ ቆዳ እያፈረሱ እድገቱን እንደሚገቱ በየአገሩ ያሉ መርማሪዎች በመስታወት ሳሕን ላይ አይተዋል። ነገር ግን የመስታወት ሳሕንና ጋን አንድ አይደሉም። ቀጭኑ ዘይት በንኖ ያልቃል፤ ዋጋውም ውድ ነው፤ መጠኑም ሲበዛ የዘሩን ፅንስ ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ ይህ የመርማሪዎችና የፋብሪካዎች ሥራ ሆኖ ይቆይ እንጂ፤ አንድ የቤት እመቤት ገምታ በዘሯ ላይ ልትፈስሰው አንመክርም። ደርቆ የተቀጠቀጠ ጦስኝ ወይም ነጭ አዝሙድ ከደረቀ ዘር ጋራ መቀላቀል ግን ጕዳት የለውም፤ የማድረቁን ሥራ ይተካል ብሎ መታመን ብቻ ነው የማይገባው።

ስለዚህ እኛ የምንመክረው የሥራ ተራ የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ቦሎቄው ጤዛ ከረገፈ በኋላ በደረቅ ቀን ይሰብሰብ፤ ተነቅሎም በባዶ መሬት ላይ ተከምሮ አይደር። በበልግ የተዘራው በክረምት ዝናብ መካከል ስለሚደርስ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው እርሱ ነው።

2ኛ፤ ሲወቃ በዝግታ ይወቃ። በዱላ ብዛት የተሰነጠቀ ፍሬ ለሻጋታ የተከፈተ ቤት ነው። የተሰበረውን፤ የጠቈረውን፤ የተጨማደደውንና ነቀዝ የበሳውን ለቅሞ መለየት ይገባል።

3ኛ፤ በሰሌን ወይም በሸራ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፤ እየተገለበጠ ጥቂት ቀን ይድረቅ። በቀትር እጅግ የበረታው የቆላ ፀሐይ ቅርፊቱን ስለሚሰነጥቀው በዚያን ሰዓት ጥላ ቢደረግለት መልካም ነው። ማታ ማታ ከጤዛ ይከደን።

4ኛ፤ መድረቁ በጥርስ ብቻ አይፈረድ። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ወስዶ ሲሶውን ቦሎቄ ማድረግ፤ ጥቂት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ፤ ከድኖ በደንብ መነቅነቅ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም መመልከት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ውሃው ከመቶ 15 እጅ ያልፋልና ዘሩ ገና ነው። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ሆኗል፤ ሆኖም የተማመንበት ልክ 13 ስለ ሆነ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ማስጣት ይገባል።

5ኛ፤ ከፀሐይ እንደ ወረደ ትኩሱን ወደ ዕቃ አያግቡት፤ በውስጡ አልቦት ውሃ ያወጣልና። በጥላ ቀዝቅዞ ይግባ።

6ኛ፤ ዘይት የሚቀባው አሁን ነው። በሰፊ ገበቴ ላይ ለአንድ ኪሎ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የምግብ ዘይት አፍስሶ፤ እያንዳንዱ ፍሬ እስኪወዛ ድረስ በእጅ ማሸት ነው። ከዚህ መጠን ማለፍ ትርፍ የለውም፤ ዘይቱ እየከረመ ይሸታል፤ የዘሩንም መብቀል ሊያዘገይ ይችላል። የኒምና የጉሎ ዘይትም ነቀዝን ይከላከላሉ፤ ነገር ግን በእነዚህ የተቀባ ዘር ለመዝራት ብቻ ይሁን እንጂ ወደ ማድ ቤት አይግባ፤ ዕቃውም ምልክት ይደረግበት።

7ኛ፤ ጋኑ ወይም ጎታው ተጠርጎ፤ ፀሐይ መትቶት፤ ከመሬት በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ ብሎ፤ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እስከ አፉ ይሙላ፤ በሚገባም ይከደን።

8ኛ፤ በየወሩ ተከፍቶ ይታይ፤ ይሽተት። እጅ ሲገባበት ከሞቀ ወይም የምድር ቤት ሽታ ከሸተተ ያን ጊዜውኑ ወጥቶ ይሰጣ። ለመዝራት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፤ እንደ ቦኬ ሽማግሎች 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁ ሳይደርቅ ከ7 እስከ 9 ቀን ማቆየትና የበቀለውን መቍጠር ነው። 80ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ይዘራ፤ እጅግ ካነሰ ግን ሌላ ዘር ለመፈለግ ገና ጊዜ አለ። ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ከመጣ በኋላ ያደረግነው ይህ ቈጠራ ከመዝራቱ በፊት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፤ ባልቴቲቱ በልጋቸውን ባላጡም ነበር።

ስለ ማስቀመጫውም ጥቂት እንጨምር። በሐረርጌ ማሽላን በጉድጓድ መቅበር የቆየ ልማድ ነው። ከሌባና ከእሳት ያድናል፤ ለራብ ዘመንም መጠባበቂያ ሆኖ ብዙ ቤት አቁሟል። ዳሩ ግን ከአፈሩ የሚሰርገው እርጥበት በግድግዳውና በአፉ በኩል ያለውን እህል ያሻግታል። ማሺላ ደጀኔ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ይህንኑ የሐረርጌን የማሽላ አቀማመጥ መርምረው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 በስዊድን አገር በኡፕሳላ ለዶክተርነት ማዕረግ ጽሑፍ አቅርበውበታል። እንግዲህ ጉድጓድ ለሚበላው ማሽላ ቢሆን እንኳ ጥንቃቄ ካስፈለገው፤ ለዘር ቦሎቄ ከቶ የሚሆን አይደለም። በዚህ ዘመን ገበያ የወጣው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አየር ስለማያስገባ ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይገድላል፤ መልካም ዕቃ ነው፤ ነገር ግን እርሱም ያልደረቀውን ዘር አያድንም። ነቀዝ ለማጥፋት በሰዎች መኝታ ቤት የሚጣለውን የጋዝ ክኒን ግን አጥብቀን እንቃወማለን፤ ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ከነቀዙ ጋራ የቤቱንም ሰው ሊገድል ይችላልና።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ዘሩ ከተበላሸ እንብላው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የሻገተውን አጥቦ መቀቀል፤ ወይም ለዶሮ መስጠት ልማድ ሆኗል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ታላላቅ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ቢመረመር ከብራዚል በመጣው የለውዝ ፋጉሎ ላይ የበቀለ ሻጋታ የሠራው መርዝ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን ተብሎም ተጠራ። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በ1987 ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ነቀርሳ ከሚያመጡ ነገሮች መካከል ቈጥሮታል። ከጥራጥሬው ይልቅ በለውዝና በበቆሎ ይበረታል፤ በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝም ላይ ተገኝቷል። ማጠብ አያስወግደውም፤ የማድ ቤት እሳትም በሚገባ አያጠፋውም። ስለዚህ የሻገተ እህል ለልጅም፤ ለዶሮም፤ ለላምም አይሰጥ። ኪሳራው ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ዘር ቢጠፋ ከጎረቤት ይገኛል፤ ጉበት ግን ከማን ይበደሩታል?

በመጨረሻ ለእናንተ በሹመትና በጽሕፈት ቤት ላላችሁ አንባቢዎቻችን አንድ ልመና አለን። ወደ ገጠር ስትወጡ ለዘመድ ስኳርና ቡና መያዝ መልካም ልማድ ነው፤ በዚያው ላይ አንድ ንጹሕ ጠርሙስና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሩ፤ የጨውንም ምርመራ አብራችሁ አሳዩአቸው። የዘይቱ ወሬ በአገር ሁሉ ደርሷል፤ የማድረቁ ነገር ግን በመንገድ ላይ ቀርቷል። እውነተኛ ነገር ግማሹ ብቻ ሲነገር እንደ ሐሰት እንደሚጎዳ በቦኬ አይተናል። አበዳሪው የሰሙት ውሸት አልነበረም፤ ያልተፈጸመ እውነት ነበር እንጂ። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፤ አስቀድሞ ይድረቅ፤ ከዚያ በኋላ ይቀባ።